አልነሳ ያለው ካሴት

ባለፈው ሳምንት አንድ ሴጋ ኖማድ የሚባል የእጅ ጌም ማሽን ከፍቼ ክልሉን ቀየርኩት። ክልል ስል፣ ማሽኑ "እኔ የአሜሪካ ነኝ" የሚለውን ትቶ "እኔ የጃፓን ነኝ" እንዲል አደረግኩት ማለቴ ነው። ሥራው በአንድ ትንሽ ስዊች፣ በሦስት ሽቦና በትንሽ የብየዳ ሊድ አለቀ። እዚህ ለመድረስ የፈጀብኝ ጊዜ ግን ወደ 30 ዓመት ይጠጋል፤ ስለዚህ ከካሴቱ ልጀምር።

ጊዜው 1988 ዓ.ም. ነው። አጎቴ መርከበኛ ነበር። ከረጅም ጉዞ ሲመለስ ከሻንጣው ሁልጊዜ የሆነ ነገር ይወጣል፤ ለእናቴ ሳህን፣ ለአባቴ ሬዲዮ። ያን ጊዜ ደግሞ ለእኔና ለታላቅ እህቴ የሴጋ ካሴት ይዞልን መጣ። ቤታችን ሴጋ የለም። እሱ ይህን አላወቀም፣ እኛም አልነገርነውም። ካሴቱ ላይ ሰይፍ የመዘዘ ሰውዬ ተስሏል፤ ጽሑፉ ከላይ እስከ ታች ጃፓንኛ ነው። ስሙን ማንበብ ስላልቻልን "ሰይፉ" አልነው፤ እስከ ዛሬ ድረስ ቤት ውስጥ ሌላ ስም የለውም።

ሰፈራችን አንድ ጌም ቤት ነበረ። ቆርቆሮ በር፣ ሁለት ቴሌቪዥን፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ "ዱቤ የለም" የሚል ወረቀት። አንድ ጨዋታ ስሙኒ ነው። ካሴታችንን በፌስታል ጠቅልለን ሄድን። መንገድ ላይ "ማን ይቅደም" ብለን ተጣላንና ዕጣ ተጣጣልን፤ ለእህቴ ወጣላት። የጌም ቤቱ ጋሼ ካሴቱን ተቀብሎ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየውና ከተው። የማሽኑ አፍ ሰፊ ስለነበር ልክክ ብሎ ገባ። እህቴ ጆይስቲኩን በሁለት እጇ ይዛ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ልጁ ሁሉ ከኋላችን ተሰብስቧል።

ስክሪኑ ጠቆረ። ከዚያ መሀሉ ላይ በእንግሊዝኛ ሁለት ሦስት መስመር ጽሑፍ ወጣ። ሌላ ምንም የለም። ሙዚቃም የለም፣ ሥዕልም የለም። ካነበብነው ውስጥ የገባን "ሜጋ ድራይቭ" የሚለው ብቻ ነበር። ጋሼ ካሴቱን አውጥቶ እፍ አለበት፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ መልሶ ከተተው። ያው ጽሑፍ። ሦስቴ ሞከረና "ተቃጥሏል" አለን። የእህቴን ስሙኒ መለሰላት። እሷ ምንም አላለችም፤ ካሴቱን በፌስታሉ ጠቅልላ ይዛው ወጣች።

ለአጎቴ አልነገርነውም። "እንዴት ነው ጨዋታው?" ሲለን "በጣም አሪፍ ነው" እንላለን። ከጊዜ በኋላ ፕላስቲኩ ወድቆ ተሰበረ፣ እህቴ ሥዕሉን ልጣ ደብተሯ ላይ ለጠፈችው፣ ውስጡ ያለው አረንጓዴ ቦርድ ብቻ ቡፌው መሳቢያ ውስጥ ከፎቶዎች ጋር ቀረ። ከሁለት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ሄጄ እዚያው አገኘሁት። በሶፍት ጠቅልዬ በእጅ ሻንጣዬ ይዤው መጣሁ።

አሁን ወደ ኖማዱ። እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ያርድ ሴል (ሰው አሮጌ ዕቃውን ግቢው ላይ አውጥቶ የሚሸጥበት) ላይ ነው ያየሁት፤ በአሮጌ ኬብልና በቡና ማፍያ መሀል ተጋድሟል። ለማታውቁት፣ ኖማድ ማለት ሴጋ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1995 ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ብቻ ለገበያ ያቀረበው የእጅ ጌም ነው። ውስጡ ሙሉ ጀነሲስ ነው። ጀነሲስ የሚባለው ደግሞ በሌላው ዓለም ሜጋ ድራይቭ የምንለው ያው ማሽን ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ስሙ ብቻ ነው የተለየው። ማለትም ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካውን ትልቁን ካሴት በቀጥታ ጀርባው ላይ ሰክታችሁ በእጃችሁ ይዛችሁ ትጫወታላችሁ። የራሱ 3.25 ኢንች ስክሪን አለው፣ ከፈለጋችሁም ቴሌቪዥን ላይ ይሰካል፣ ለሁለተኛ ተጫዋች ጆይስቲክ መሰኪያ ሳይቀር አለው። ችግሩ ባትሪ ነው። 6 ባትሪ ድንጋይ ጎርሶ ቢበዛ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው የሚቆየው። ክብደቱም ቀላል አይደለም። እኔ ግን እወደዋለሁ፤ ያኔ ሕፃን ሆኜ ጌም ቤት በር ላይ ተራ ስጠብቅ ይህን የመሰለ ነገር በዓለም ላይ አለ ብትሉኝ አላምናችሁም ነበር።

የገዛሁት ሲበራ ድምፁ የሞተ፣ ሥዕሉም የደበዘዘ ነበር። ይህ በዚህ ዕድሜ ያለ ኤሌክትሮኒክስ ሁሉ በሽታ ነው፤ ካፓሲተሮቹ፣ የአገር ቤት ቴክኒሻኖች ኮንደንሰር የሚሏቸው፣ ይደርቃሉ ወይም ያፈሳሉ። አንድ በአንድ ነቅዬ በአዲስ ተካኋቸው። ሁለት ቅዳሜ ፈጀ። ሲያልቅ ድምፁ ተመለሰ፣ ሥዕሉም ጠራ። አብሮት የመጣውን ሶኒክ፣ በልጅነታችን የምናውቀውን ጌም፣ ከትቼ ለእህቴ በቪዲዮ ደወልኩላት። ሙዚቃውን ሰምታ ዝም አለች፣ ከዚያ "ይሄማ ይቸኩላል፣ የእኛ እንዲህ አልነበረም" አለች። እኔም ሲጀመር እንዲሁ ተሰምቶኝ ነበር፤ ዕድሜ ነው ብዬ ትቼው ነበር እንጂ።

ዕድሜ አይደለም። ትክክል ነበረች።

የድሮው ቴሌቪዥን ሥዕሉን በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚያድስ የተወሰነው በየአገሩ መብራት ነው። አሜሪካ መብራቱ 60 ኸርዝ ነው፤ ቴሌቪዥኑም በሰከንድ ወደ 60 ጊዜ ያድሳል፣ ሥርዓቱ ኤንቲኤስሲ ይባላል። ጃፓንም ይህንኑ ተቀበለች። አውሮፓና እኛ ጋ መብራቱ 50 ኸርዝ ነው፣ ቴሌቪዥኑም በአብዛኛው ፓል ነበር፣ በሰከንድ 50። የዚያን ዘመን ጌሞች ደግሞ ጊዜን የሚቆጥሩት በሰዓት ሳይሆን በዚህ እድሳት ነው። ስክሪኑ በታደሰ ቁጥር ሶኒክ አንድ እርምጃ ይሄዳል፣ ሙዚቃውም አንድ እርምጃ ይሄዳል። ስለዚህ ለ60 የተሠራውን ጌም በ50 ማሽን ላይ ስታጫውቱት፣ ሠሪዎቹ ካላስተካከሉት በቀር፣ ሁሉም ነገር በ17 በመቶ ገደማ ይዘገያል። እኛ በልጅነታችን የምናውቀው ሶኒክ ዘገምተኛው ሶኒክ ነው። እህቴ ይህን ስነግራት "ታዲያ የእኛው ይሻላል" አለች፤ በዚህ አልከራከራትም።

ያን ዕለት ማታ ሰይፉን ከሶፍቱ ፈታሁት። የቦርዱን ጥርሶች በአልኮል አጠብኳቸው፤ በአንድ ጎን 32፣ በሌላው ጎን 32፣ በጠቅላላ 64 ናቸው። ጥጡ ጥቁር ሆኖ ወጣ፣ ደጋግሜ አጠብኩ፣ መጨረሻ ላይ ነጭ ሆነ። ፕላስቲክ የሌለውን ቦርድ ስትከቱ የፊቱንና የኋላውን ለዩ፤ ፕላስቲኩ ነው ተገልብጦ እንዳይገባ የሚጠብቀው፣ እሱ ከሌለ ገልብጣችሁ ከትታችሁ ማቃጠል ይቻላል። ሌላ ካሴት ከፍቼ አቅጣጫውን አመሳከርኩ። ከተትኩት። አበራሁ።

ጥቁር ስክሪን። መሀሉ ላይ ጽሑፍ። ያው ጽሑፍ።

አሁን እንግሊዝኛውን አነባለሁ። "ከኤንቲኤስሲ ሜጋ ድራይቭ ጋር ብቻ እንዲሠራ የተዘጋጀ" ነው የሚለው። ለረጅም ጊዜ ተቀምጬ አየሁት። አንደኛ፣ ካሴቱ አልተቃጠለም። የተቃጠለ ካሴት አይናገርም። ያኔም አልተቃጠለም ነበር፤ ጤነኛ ሆኖ ነው ፌስታል ውስጥ ተጠቅልሎ የተመለሰው። ሁለተኛ ግን፣ ኖማድ የአሜሪካ ነው፣ አሜሪካ ኤንቲኤስሲ ነው። ታዲያ ምን ጎደለው?

መልሱ እንዲህ ነው። ሜጋ ድራይቭ ውስጥ ጌሙ ስለ ማሽኑ ማንነት የሚጠይቅበት አንድ ባይት አለ፤ ባይት ማለት ስምንት ቢት ነው፣ ቢት ደግሞ አዎ ወይም አይደለም የምትል አንዲት መልስ። ከዚያ ባይት ውስጥ ሁለቱ ቢቶች የክልል ናቸው። አንዱ "የጃፓን ነህ ወይስ የውጭ?" የሚለውን ይመልሳል። ሌላው "60 ነህ ወይስ 50?" የሚለውን። የጃፓን ማሽን ማለት ጃፓንና 60 ነው። የአሜሪካ ማለት የውጭና 60። የአውሮፓ ማለት የውጭና 50። ክልሉን የሚጠይቅ ጌም ሁለቱንም አንብቦ አንዱ እንኳ ካልጣመው ይቆማል። የሰፈራችን ማሽን፣ አፉ ሰፊ ስለነበረ ለእስያ ገበያ የተሠራው ዓይነት መሆን አለበት፣ በ50 ኸርዙ ወደቀ። የእኔ ኖማድ ደግሞ 60ውን አልፎ "የውጭ ነኝ" በማለቱ ወደቀ። አዲስ አበባ ላይ አንዱ ቢት፣ ሜሪላንድ ላይ ሌላው ቢት። ጽሑፉ ግን ለሁለቱም አንድ ነው፤ ለዚህ ነው ግራ የሚያጋባው።

ሁሉም ጌም እንዲህ አያደርግም። በተለይ ቀደም ያሉት ምንም አይጠይቁም፣ የትም ይነሳሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ቢቱን የሚያነቡት ለመከልከል ሳይሆን ስማቸውን ለመቀየር ነው። ስትሪትስ ኦፍ ሬጅ 2 ለምሳሌ በጃፓን ማሽን ላይ ቤር ነክል 2 ብሎ ይነሳል፤ አንድ ካሴት ሁለት ስም። ይህን አጠቃቀም እወደዋለሁ። ማሽኑን እየጠየቀ በአገሩ ስም ሰላም እንደማለት ነው።

እና "ጃፓን ወይስ የውጭ" የሚለው ቢት ከየት ነው የሚመጣው? ፕሮግራም አይደለም። ከቺፑ የወጣ አንድ እግር ነው። እግሩ 5 ቮልት ላይ ከታሰረ "የውጭ ነኝ" ይላል፣ ግራውንድ (ዜሮ ቮልት) ላይ ከታሰረ "የጃፓን ነኝ" ይላል። በቃ። አንድ ፋብሪካ ለተለያዩ አገሮች የሚሆን ቦርድ ሲሠራ የሚቀይረው ይህችን ማሰሪያ ነው። ስለዚህ ማሰሪያውን ቆርጦ ስዊች ማስገባት ነው።

ከማድረጌ በፊት ሦስት ቀን ቦርዱን ብቻ ሳይ ከረምኩ። ቦርዶቹ እንደ ወጡበት ጊዜ ይለያያሉና የሌላ ሰው ፎቶ አይቼ መቁረጥ አልፈለግኩም። ቴስተሩን ድምፅ በሚሰጠው ላይ አድርጌ ከቺፑ እግር ተነስቼ መስመሩን ተከተልኩ፤ ጫፍና ጫፉን ነክቼ ጢጥ ሲል ትክክል ነው፣ ዝም ሲል ሌላ መስመር ነው። መጨረሻ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ የመዳብ ነጥቦች ጋ ደረስኩ። አንዱ 5 ቮልት፣ አንዱ ግራውንድ፣ መሀል ላይ ያለው የእኛ እግር። መሀሉ ከ5 ቮልቱ ጋር ከፀጉር ትንሽ ወፈር ባለች የመዳብ መስመር ተያይዟል። ይህች መስመር ናት 30 ዓመት የከለከለችን።

ልጄ አጠገቤ ቆሞ የእጅ ባትሪ ያዘልኝ። አዲስ ምላጭ ወስጄ መስመሯን ሁለት ቦታ ቀስ ብዬ ቧጨርኩና መሀሏን አነሳሁት። የጤፍ ፍሬ የምታህል የመዳብ ቅንጣት ምላጩ ጫፍ ላይ ቀረች። ነጭ ወረቀት ላይ አራገፍኳት፣ ልጄ አጎንብሶ አያት፣ "ይቺ ናት?" አለኝ። ይቺ ናት።

እዚህ ላይ ልትሠሩ የምታስቡ ካላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። መስመሩ ሙሉ በሙሉ ካልተቆረጠ ስዊቹን ወደ ግራውንድ ባዞራችሁ ጊዜ 5 ቮልቱን ከግራውንድ ጋር ቀጥታ ታገናኛላችሁ፤ ሾርት ነው፣ ማሽኑን ልታጡት ትችላላችሁ። ስለዚህ ከቆረጣችሁ በኋላ በቴስተር ነክታችሁ ዝም ማለቱን አረጋግጡ። እኔ አራቴ አረጋገጥኩ። ባትሪውም ከመጀመሪያው መውጣት አለበት፣ ይህን መናገር ባያስፈልግም እናገራለሁ።

ከዚያ ብየዳው። ሦስት እግር ያለው ስዊች፤ የመሀሉ እግር ወደ መሀሉ ነጥብ፣ አንደኛው ጎን ወደ 5 ቮልት፣ ሌላኛው ወደ ግራውንድ። ሽቦው ቀጭን መሆን አለበት፣ ወፍራም ሽቦ ክዳኑ ሲዘጋ ተስቦ የመዳቡን ነጥብ ነቅሎት ይሄዳል። መጀመሪያ ነጥቡን ትንሽ ሊድ ታቀምሱታላችሁ፣ ከዚያ የሽቦውን ጫፍ፣ ከዚያ ሁለቱን አጋጥማችሁ በመበየጃው አንዴ ነክቶ ማንሳት ነው። ብዙ ካቆያችሁት መዳቡ ከቦርዱ ይላቀቃል። ሊዱ አብረቅርቆ እንደ ትንሽ ጉብታ ከተቀመጠ ይዟል፤ ግራጫ ሆኖ ከተኮማተረ አልያዘም፣ ድገሙት። ሽቦዎቹን በናስትሮ ለጥፌ ከብሎን ቀዳዳዎቹ አራቅኳቸው። ለስዊቹ ከጎኑ በኩል ውስጡ ባዶ የሆነ ቦታ መርጬ ቀዳዳ አበጀሁ፤ በትራፓኖ ሳይሆን ጫፉን ብቻ በእጄ እያዞርኩ፣ ምክንያቱም የዚህ ዕድሜ ፕላስቲክ ሲሰነጠቅ ድምፅ እንኳ አይሰጥም።

ሁለተኛውን ቢት፣ የ50ና የ60ውን፣ አልነካሁትም። ሰይፉ የሚፈልገው 60 ነው፣ ኖማዱም 60 ነው። የማያስፈልግ ቦታ ላይ ምላጭ አላሳርፍም።

ስሠራ ስለዚህ ቁልፍ ብዙ አሰብኩ። ለምን እንደተሠራ ይገባኛል። አንድ ጌም በተለያየ አገር የሚያከፋፍለው ድርጅት የተለያየ ነው፣ የሚወጣበት ቀን ይለያያል፣ ዋጋው ይለያያል፤ ከርካሹ አገር ወደ ውዱ አገር እንዳይሻገር ይፈልጋሉ። የንግድ ነገር ነው። ግን ካርታቸው ላይ በዋናነት ሦስት ገበያ ነበረ፣ ጃፓን፣ አሜሪካ፣ አውሮፓ። መርከበኛ አጎት ያለው ልጅ ካርታው ላይ የለም። እኛ አገር ዕቃ የሚመጣው በአከፋፋይ ሳይሆን በሰው ሻንጣ ነው፤ አንዱ ከዱባይ፣ አንዱ ከጣሊያን፣ አንዱ ከአሜሪካ። እንዲህ ለሚገበያይ ሕዝብ የክልል ቁልፍ ማለት በገንዘብህ የተገዛ ጤነኛ ዕቃ "ተቃጥሏል" ተብሎ መሳቢያ ውስጥ መቅረቱ ነው። በዚያ ዘመን እንደ ሰይፉ ስንት ካሴት ተጥሎ ይሆን? ለዚህ ነው የኒንቴንዶን የድሮ የእጅ ጌም፣ ጌም ቦይን፣ የማከብረው፣ ከየትም አገር ገዝታችሁ የትም ትከቱታላችሁ። ኒንቴንዶ 3ዲኤስ እ.ኤ.አ. በ2011 የክልል ቁልፍ ይዞ መጣ፣ በ2017 የወጣው ኒንቴንዶ ስዊች የሚባለው ማሽን ደግሞ ቁልፉን ተወው። ይህ ዜና በወጣ ጊዜ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ለሰው ማስረዳት ከብዶኝ ነበር። አሁን አስረዳሁ።

ሐሙስ ማታ ክዳኑን በካቻቢቴ ጠበቅ ጠበቅ አድርጌ ዘጋሁት። ከመዝጋቴ በፊት 5 ቮልቱና ግራውንዱ አለመነካካታቸውን በሁለቱም የስዊች አቅጣጫ ለካሁ። ስድስት አዲስ ባትሪ ድንጋይ። መጀመሪያ በአሜሪካው በኩል ሶኒክን አስነሳሁ፣ ተነሳ፣ ምንም አልተበላሸም። አጠፋሁ። ስዊቹን ወደ ጃፓን። ሰይፉን ከተትኩ።

ከማብራቴ በፊት ለእህቴ ደወልኩ። አዲስ አበባ ገና እየነጋ ነበር፣ ድምፅዋ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። ስልኩን ስክሪኑ ላይ አዙሬ ያዝኩና ቁልፉን ገፋሁት።

ጠቆረ። ትንሽ ቆየ። ከዚያ ከታች ወደ ላይ ቀይ ሰማይ ወጣ፣ ከበሮ የመሰለ ድምፅ መጣ፣ ያ ሰይፍ የመዘዘው ሰውዬ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ከላዩ ላይ እስከ ዛሬ የማናነበው ስም በትልልቅ ፊደል። እህቴ "ውይ" ብቻ አለች። ከዚያ "ሰይፉ!" አለች፣ እንደ ዘመድ ስም። ምንም ሳንነካው ቆየን፤ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ጌሙ ማሳያውን በራሱ መጫወት ጀመረ፣ ሰውዬው ቀርከሃ መሀል ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ይመታል። ልጄ ከትከሻዬ ላይ ተንጠራርቶ ያያል። ማሳያው አልቆ ስሙ ሲመለስ አውራ ጣቴ ስታርት ላይ ደርሶ ነበር።

"እንዳትነካው" አለችኝ። "ዕጣው የወጣው ለእኔ ነው።"

አጠፋሁት። ለገና ስሄድ ይዤላት እሄዳለሁ፤ የዚህ አገር ቻርጀር የእኛን 220 ቮልት ስለማይችል የሚሞሉ ባትሪዎች አዝዣለሁ፣ አሥራ ሁለት። አጎቴም እዚያው ነው፣ 78 ዓመቱ ነው። ያኔ "አሪፍ ነው" ያልነው ውሸት መሆኑን እህቴ ራሷ ልትነግረው ነው፣ ጆይስቲኩን ይዛ።